ኧረ የትኛው ጆንሰን?

ዜና የምሰማው ዓለም ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ነበር። አሁን ግን ስለ ማን እንደሚወራ የሚነግረኝ ጠፋ። ጋዜጠኛው ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና “ጆንሰን እንዲህ አሉ” ይላል። የትኛው ጆንሰን? የማን ልጅ? የየት አገር ሰው? የልጅ ልጄን ብጠይቀው ከስልኩ ቀና ሳይል “ጆንሰን ነዋ አባባ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረው” ይለኛል። እሺ ብዬ የተንጨባረረውን ስጠብቅ፣ ፀጉሩን በሥርዓት ያበጠረ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ብቅ ይላል። “ይሄ ደግሞ ማነው?” “ጆንሰን ነዋ፣ የአሜሪካው አፈ ጉባኤ!” የእንግሊዙ ቦሪስ በ2022 ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ሲወርድ ተገላገልን ብዬ ነበር። በዓመቱ አሜሪካኖች ማይክ የሚባል ሌላ ጆንሰን አመጡ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ሞክሼ እኛም አገር ሞልቷል፤ ግን መላ አለው። እኛ ሰፈር ሦስት ከበደ ነበር። አንዱ ከበደ ቀዩ፣ አንዱ ከበደ ወፍጮ ቤቱ፣ ሦስተኛው ከበደ ዝምተኛው። ለዕድር መዝገብ የአባት ስም ይጨመራል፣ አለቀ። ማንም ማንንም ሳያሳስት ኖረን አረጀን። የፈረንጅ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚለየውን ስም ወደ ጎን ትተው፣ ሁሉንም የሚያመሳስለውን ይጠራሉ። በ2010 የአሜሪካ ሕዝብ ሲቆጠር ጆንሰን የሚባለው ከ1 ሚሊዮን 900 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ የሚበልጠው ስሚዝ ብቻ ነው። “ጆንሰን” ማለት ደግሞ የዮሐንስ ልጅ ማለት ነው አሉኝ። ቆይ እስቲ፣ ይሄ ዮሐንስ የሚሉት ሰው ማነው? ፍርድ ቤት ቀለብ ቢቆርጥበት መድረሻም ባልነበረው!

ጆንሰን የተባሉ ፕሬዚዳንቶችም ሁለት ነበሩ። አንድሩ እና ሊንደን። አንደኛው በ1808 ተወለደ፣ ሁለተኛው በ1908። ሁለቱም ምክትል ነበሩ፤ ሁለቱም ዋናውን ወንበር ያገኙት አለቃቸው በጥይት ሲወድቅ ነው። አንድሩ በ1865 ሊንከንን ተካ፣ ሊንደን በ1963 ኬኔዲን። አንድሩ በ1868 ተከሶ ሴኔት ፊት ቀርቦ በአንድ ድምፅ ብቻ ተረፈ። ዘመድ ናቸው? አይደሉም። እንግዲህ ይህን ለልጅ ማስተማር ነው! አንዱን ስትነግረው ሌላውን ይጽፍልሃል፣ ፈተናውም ላይ እርማት ይበዛል።

ጃንሆይ ለኬኔዲ ቀብር ዋሽንግተን ሲሄዱ አስታውሳለሁ፤ አዲሱ ሰውዬ ሊንደን የሚባለው ነው ተባለ። ኋላ ስለ ቤተሰቡ ያነበብኩት ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰውየው ሊንደን ቤይንስ ጆንሰን። ሚስቱ ትክክለኛ ስሟ ክላውዲያ ሆኖ ሳለ፣ በቅጽል ስሟ ሌዲ በርድ ጆንሰን። ትልቋ ልጅ ሊንዳ በርድ ጆንሰን፣ ታናሿ ሉሲ ቤይንስ ጆንሰን። ሁሉም ኤል.ቢ.ጄ.! ይህ ልጅ መሰየም ነው ወይስ ፎጣ ላይ ፊደል መጥለፍ? ይህም አልበቃ ብሎ ውሻቸው ሊትል ቢግል ጆንሰን ተባለ፤ እሱም ኤል.ቢ.ጄ.። ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ በዚያ ቤት መልአኩ ደጅ ቆሞ የቀረ ይመስለኛል።

ከነዚህ ሁሉ መካከል ራፈር ጆንሰንን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ሮም፣ 1960። ሰውየው ዲካትሎን የሚሉትን አሥር ስፖርት በሁለት ቀን የሚያስሠራ መከራ ተወዳዳሪ ነው። ተቀናቃኙ የታይዋኑ ሲ.ኬ. ያንግ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው፣ አብሮት የሚለማመድ፣ አሠልጣኛቸውም አንድ። ዘጠኙ አልቆ 1,500 ሜትር ብቻ ቀረ። ያንግ ወርቁን የሚያገኘው ጓደኛውን በ10 ሰከንድ ያህል ከቀደመ ነው፤ በሩጫ ደግሞ ያንግ ይሻላል። ራፈር ምን አደረገ? እግር በእግር ተከተለው፣ አልለቅም አለ። በ1 ሰከንድ ከምናምን ተቀድሞ ገባ፤ በነጥብ ግን በ58 በልጦ ወርቁን ወሰደ። ሁለቱም አቅላቸውን ስተው ተደጋግፈው ቆሙ። እንዲህ ያለ ጆንሰን ሲመጣ ዝም እላለሁ፤ እንደውም ብድግ እላለሁ።

በዚያው ሮም፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 በእኛ አቆጣጠር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው፣ አበበ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በኋላ የፈረንጅ ጋዜጣ ሳይ ግን ምን ይላል? “ቢቂላ አሸነፈ”! ቢቂላ እኮ አባቱ ናቸው። እሳቸው ሮምን በዓይናቸው አላዩ፣ ማራቶንም አልሮጡ! አንድ ሰው 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ምስጋናው ለአባቱ ይሂድ? አባት መከበር አለበት፣ እሱስ እውነት ነው፤ ሜዳሊያው ግን የልጁ ነው።

በ1996 አትላንታም ይኸው ሆነ። ማይክል ጆንሰን የሚባለው በወርቃማ ጫማ 200 ሜትሩን በ19.32 ሰከንድ ጨረሰው፤ ለሱ ጆንሰን ቢባል ለምዶታል። የእኛው ኃይሌ 10 ሺህ ሜትሩን ሲያሸንፍ ግን የውጭው ተናጋሪ “ገብረሥላሴ! ገብረሥላሴ!” እያለ ሲጮህ አመሸ። ጩኸቱ ለአባትየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የዲባባ ልጆች መጡ። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፤ እህትማማቾች ናቸውና እዚህ ላይ ፈረንጅ ተሳካለት። የአክስት ልጃቸው ደራርቱ ግን ቱሉ ነች፤ በፈረንጅ ሒሳብ ባዳ ልትሆን ነው! ሊንደንና አንድሩ አንድ ስም ይዘው አይዛመዱም፣ ደራርቱና ጥሩነሽ ሥጋ ሆነው ስማቸው አይገናኝም። ከዚህ በኋላ “የቤተሰብ ስም” ለሚለኝ ሰው ምን ብዬ ልመልስ?

የሴኡሉን ቤን ጆንሰንን አላነሣም። በ1988 መቶ ሜትሩን በ9.79 ሮጠ፣ በሦስተኛው ቀን በአበረታች መድኃኒት ተይዞ ሜዳሊያውን ተቀማ። እኛ በዚያ ዓመት ኦሊምፒኩን ትተን ቀርተን ነበር፤ ብቻ ለራፈር አዘንኩለት፤ ስሙን ስንቱ ይዞ ይጫወትበታል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። እነዚህ ጆንሰን የምትሏቸው ሲመረመሩ ስንቶቹ ናቸው ጆንሰን? ያንን የተንጨባረረውን ቦሪስን ውሰዱት። ቅድመ አያቱ አሊ ከማል የሚባል የቱርክ ጋዜጠኛ ነው፤ በኦቶማን መንግሥት መጨረሻ የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆኖ ነበር፣ በ1922 ኢዝሚት ላይ ሕዝብ ቀጥቅጦ ገደለው። ልጁ ኦስማን እንግሊዝ አገር አያቱ ዘንድ አደገ፤ የአያቱን የልጅነት ስም ወሰደና ዊልፍሬድ ጆንሰን ሆኖ አረፈው። ስለዚህ በሥርዓቱ ቢሆን እንግሊዝን ያስተዳደረው አቶ ከማል ነው! የልጅ ልጆቼ አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት ፊልም ሠሪው ድዌይን ጆንሰንስ? አባቱ ካናዳ ሲወለድ ዌይድ ቦውልስ ነበር፤ ትግል ሲጀምር ሮኪ ጆንሰን ተባለ። ልጁ የወረሰው የመድረክ ስም ነው።

ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍን ደግሞ አከብራቸዋለሁ። በአፍሪካ በሕዝብ ምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ። የአባታቸው አባት ግን የጎላ ሕዝብ ሹም ነበሩ። የላይቤሪያው ፕሬዚዳንት ሂላሪ ጆንሰን ወዳጃቸው ስለነበር፣ ልጃቸው ሞንሮቪያ ሲላክ ጆንሰን ተባለ። ሰርሊፍ የሚለው የተፋቱት ባላቸው ስም ነው። አንዱ የፕሬዚዳንት ስጦታ፣ ሌላው የፈረሰ ትዳር ትርፍ፤ የአያትየው ስም የት ገባ? በዚያው በ2011 ምርጫ ደግሞ ከተፎካካሪዎቻቸው አንዱ ማን ሆኖ ተገኘ? ፕሪንስ ጆንሰን! በ1990 ፕሬዚዳንት ሳሙኤል ዶን ይዞ፣ ሰውየው ሲሠቃይ ቢራውን እየጠጣ በቪዲዮ ያስቀረጸው። ዝምድና የላቸውም። በሁለተኛው ዙር ግን እኚህኑ ወይዘሮ ደገፈ። ተንታኙ ይህን ሁሉ “ጆንሰን ጆንሰንን ደገፉ” ብሎ ቢያወራኝ ምን ይገባኛል?

ካትሪን ጆንሰንም አለች፤ የጠፈር ሒሳብ ሊቋ። በ1962 ጆን ግሌን ምድርን ሊዞር ሲል ኮምፒውተሩን አላምን ብሎ፣ እሷ ቁጥሩን በእጇ ታጣራልኝ ያለላት። የተወለደችው ኮልማን ተብላ ነው፤ ጆንሰንን ያመጣባት ሁለተኛ ባሏ ነው። ከ1908 ጀምሮ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረው የመጀመሪያው ጥቁር ቦክሰኛ ጃክ ጆንሰን ደግሞ ወላጆቹ በባርነት የኖሩ ናቸው። የእነሱን ነገር አልቀልድበትም። የአባቶቻቸው ስም መርከብ ላይ ሲጫኑ ቀርቷል፤ ያገኙትን ይዘው አስከበሩት።

ከሁሉም በላይ የማልተወው ግን ሳሙኤል ጆንሰንን ነው፤ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀውን፣ የለንደኑን። በ1735 የፖርቱጋሉ ሚስዮናዊ ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብራቸው ገንዘብ ቢያጣ፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ስለ አንድ የአቢሲንያ ልዑል ልብ ወለድ ጻፈና 100 ፓውንድ አገኘ። አገራችንን ሳይረግጥ! ልዑላኑ የታሰሩበትን ቦታ በተራራ የተከበበ፣ መሐሉ ሐይቅ የሆነ የደስታ ሸለቆ አደረገው። ግሸንን የወጣ ሰው ይፍረደኝ፤ ልዑላኑ የታሰሩት አምባው ጫፍ ላይ ነበር፣ ለመውጣትም ነፍስ ይዞ ነው። ልዑሉን ደግሞ “ራሴላስ” አለው። ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ቆርጦ የወሰደው ነው ይላሉ የሚያውቁት። ማዕረጉን ከስሙ ጋር አጣብቆ፣ ክርስቶስን አውጥቶ ጣለ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውት ስላነበብኩት መጽሐፉን አልጠላሁትም። የራሱን ጆንሰን ሳይነካ የእኛን ስም መሸራረፉ ግን ይቆጨኛል።

በኮሮናው ጊዜስ? ባለቤቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ “ጆንሰንን ተወጋሁ” አለች፤ አሜሪካኖች የላኩት ክትባት ነው። ጎረቤታችን ደንግጣ “ጆንሰን ራሱ በኮሮና ሆስፒታል ተኝቶ አልነበር እንዴ?” አለች። እውነቷን ነው፤ በ2020 ሚያዝያ ቦሪስ ተኝቶ ነበር። ሕፃን የሚታሽበት ቅባትም ጆንሰን ነው። ከአራስ ቤት እስከ ቤተ መንግሥት አንድ ስም!

ይህ ሁሉ በፈረንጅ አገር ቢቀር ኖሮ ምን አገባኝ። ቤቴ ገባ እንጂ። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ የእኔን ስም ይዛለች፣ ባሏ የአባቱን፣ ልጆቹ ደግሞ የሱን። አንድ ቤት፣ ሦስት “የቤተሰብ ስም”። ኤርፖርት ላይ “ልጆቹ ያንቺ ናቸው?” እየተባለች መቆሟ ሲሰለቻት፣ ሁሉም የባሏን አያት ስም እንዲይዙ ተስማሙ። እኚያ ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ከጎንደር ወጥተው አያውቁም፤ ዛሬ ሜሪላንድ የፖስታ ሣጥን ላይ ተለጥፈዋል። ልጠይቃቸው የሄድኩ ጊዜ እኔንም አንድ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ነርሷ በር ላይ ቆማ የአያቴን ስም ጠራች። ዝም አልኩ። ደግማ ጠራች። አያቴ እኮ ካረፉ ስንት ዘመናቸው! “አባዬ፣ አንተን ነው” ትለኛለች ልጄ። ሟቹን ለደም ግፊት ልኬት ሲጠሩ እኔ ምን ብዬ አቤት ልበል?

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስለ ጆንሰን ልታወሩኝ ስትመጡ መጀመሪያ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ አገሩን፣ ከዚያ ሥራውን ንገሩኝ። ራፈር ከሆነ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላል። ቅጽ የምትሞሉልኝም “የቤተሰብ ስም” የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ጠይቁኝ እንጂ አያቴን ካረፉበት አትቀስቅሱብኝ።