ቫኒላ ስንል ኬክ አላልንም

ጥያቄያችን ከባድ አልነበረም። ሞቅ ያለ፣ ቅመም ቅመም የሚል፣ ከስሩ ቫኒላ ያለበት፣ ግን ስኳር ያልተነሰነሰበት ሽቶ። በቃ። የአንበሳ ጢም ነቅላችሁ አምጡልን አላልንም።

ይህንኑ ይዘን ሽቶ ቤት ስንገባ ሻጯ ፈገግ ትላለች፤ «የኔ ቆንጆ፣ የምትፈልጊውን አውቄዋለሁ»። ሮዝ ክዳን ያለው ብልቃጥ ታነሳና ትረጭልናለች። የልደት ኬክ። ሁለተኛውን ትረጫለች። የልደት ኬክ ከነክሬሙ። ሦስተኛው ላይ ሻማው ሁሉ የበራ ይመስለናል። «ኧረ ቅመም ያለበት ነው ያልነው!» ስንላት ካርቶኑን ገልብጣ ታሳየናለች፤ «ፒንክ ፔፐር» ይላል። እውነቷን ነው፣ ይላል። ይሄ ስሙ ፔፐር ይሁን እንጂ ከቁንዶ በርበሬ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ያም ሆኖ እንደተረጨ አፍንጫችንን ለጥቂት ደቂቃ ኮርኩሮ ይሰናበተናል። የሚቀረው ስኳሩ ነው። ሁልጊዜ የሚቀረው ስኳሩ ነው።

የሽቶ ነገር እንዲህ ነው፤ ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። ሎሚና ብርቱካኑ በደቂቃዎች፣ ቅመሙ ከዚያ አለፍ ብሎ፣ ቫኒላው ግን ለሰዓታት። ስለዚህ ሱቅ ቆመን ያሸተትነውና ማታ ቤት ገብተን የምናሸተው ሁለት ሽቶ ነው። ሻጮቻችን ግን ቀጭን ወረቀት ላይ ፉፍ ያደርጉና «እህ? እንዴት ነው?» ይሉናል። «እጃችን ላይ ይረጭልንና ሁለት ሰዓት ዞር ዞር ብለን እንመለስ» ካልን ፊታቸው ይጠቁራል። በነፃ ሽቶ ተቀብተን ሰርግ ልንሄድ የመጣን ነው የምንመስላቸው።

አምስተኛው ላይ አፍንጫችን ሲደነዝዝ ብርጭቆ ይቀርብልናል። ቡና። የሚጠጣ እንዳይመስላችሁ፣ የሚሸተት ነው። ቡና በየቤቱ ተቆልቶ ጭሱ በየአፍንጫው ለሚዞር ሕዝብ ይህን የፈረንጅ ሱቅ ልማድ ማምጣት ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ቡናው ደግሞ ከተቆላ ስንት ወር እንደሆነው እንጃ፣ አቧራ አቧራ ይላል። በር ላይ ወጥቶ ትንሽ አየር መሳብ እኮ ይበቃ ነበር። በር ላይ ያለው አየር የሚኒባስ ጭስ ሆነና ተመልሰን ብርጭቆው ላይ እናጎነብሳለን።

ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበትን ስንጠይቅ «እሱ የወንድ ነው» ይሉናል። ወንድሞቻችን ሄደው ቫኒላ ሲጠይቁ «እሱ የሴት ነው» ይባላሉ። ቀረፋውን የወንድ ብሎ የመዘገበው ማን እንደሆነ አይታወቅም። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ኮረሪማ ሲወቅጡ «ተዪው፣ የወንድ ነው» ያላቸው የለም። ክርክሩ ሲበዛ «ስኳር ካልወደዳችሁ እንግዲህ ኡድ ነው ያለው» ተብሎ ራስ የሚይዝ ጭስ ይረጭብናል። በኬክና በጭስ መካከል ሌላ ነገር ያልተፈጠረ ይመስል!

የሚያናድደው ደግሞ ቫኒላ የኬክ ስም ያተረፈው ያለ ጥፋቱ መሆኑ ነው። ቫኒላ መነሻው ሜክሲኮ የሆነ ሐረግ ነው፣ ከኦርኪዶች ወገን። አበባው ለአንድ ቀን ብቻ ይከፈታል፤ ከአገሩ ውጭ ሲተከል፣ በዚያች ቀን ብናኙን በእጅ የሚያገናኝለት ሰው ካልተገኘ ፍሬ የለም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1841 በሬዩኒየን ደሴት ያሳየው ኤድሞን አልቢየስ፣ በባርነት ይኖር የነበረ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ለወራት ፀሐይ እየሞቀ፣ እየተጠቀለለ፣ እየደረቀ ይሰነብታል። ያንን ፍሬ ሰንጥቆ ላሸተተው እንጨት እንጨት፣ ትምባሆ ትምባሆ፣ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ከረሜላ አይልም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1874 ጀርመኖች ቫኒሊንን፣ ማለትም የቫኒላን ዋና ሽታ፣ በቤተ ሙከራ ሠሩት። ረከሰ፣ ኬክ ውስጥ ገባ፣ አይስክሬም ውስጥ ገባ። አብዛኞቻችንም ቫኒላን የተዋወቅነው በዚያች በኬክ መጋገሪያዋ ትንሽ ጠርሙስ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው ሻሊማር የሚባል ሽቶ ቫኒላን ከጭስና ከቆዳ ጠረን ጋር አጋብቶ ኬክ ሳይሆን ቀርቷል፤ ማለትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ኤንጅል የሚባለው ሽቶ መጣ። የጥጥ ከረሜላ የሚሸት ኤቲል ማልቶል የሚሉት ነገር በገፍ ገባበት፤ ሠሪዎቹ ግን ብልህ ነበሩና ስኳሩን ፓቹሊ በሚሉት መራራ ጠረን ገሩት። ተከታዮቹ ምን አደረጉ? ፓቹሊውን ጥለው ስኳሩን ይዘው ሮጡ። እስካሁንም አልቆሙም።

የምንገዛው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከውጭ የምትመጣ አክስት አለች፤ «ቫኒላ ትወጂ የለ?» ብላ ከሻንጣዋ ታወጣለች። ምን ይባላል? ተሳስመን እንቀበላለን፣ እሷው ፊት እንቀባለን፣ ተቀብተን ታክሲ እንገባለን። ክረምት ነው፣ ብርድ እንዳይመታው የሚፈራ አንድ ሰው መስኮቱን ዘግቶታል፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ከኋላ ወንበር አራት ሰው፣ አራት ሽቶ፣ አራቱም ስኳር። ከፊት እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን ዞር ብሎ «ማሚ፣ ኬክ» ይላል። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኛ።

ነጠላው ደግሞ አለ። ቫኒሊን ሲቆይ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ ቫኒላ የበዛበት ሽቶ ነጭ ልብስ ላይ ሲያርፍ ነጥቡን ትቶ ይሄዳል። በዓል ደርሶ፣ ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ለመሽተት ብለን አንዴ ፉፍ ካደረግን ነጠላችን ላይ ሻይ የደፋን መስለን ነው የምንውለው። «ሽቶ ነው» ብለን ብናስረዳ ማን ያምነናል?

ከሁሉም የሚከነክነው ይሄ የደረሰብን እዚህ መሆኑ ነው። የጥርኝ ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ ከዚህ አገር እየወጣ ስንት ዘመን የፈረንጅ ሽቶ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። እጣኑም ከርቤውም ከዚሁ አካባቢ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ሰጥተን፣ ተቀምሞ ሲመለስልን ማስቲካ!

እናንተ ሽቶ ሻጮች፣ አንድ ነገር ብቻ እንለምናችሁ። ከዚያ ከቡናው ብርጭቆ ጎን ሁለት ፍሬ ኮረሪማ አስቀምጡልን። ለመግዛት አይደለም፤ «እንዲህ የሚል» ብለን እንድናሳያችሁ ነው።