ጫማ ያልጠቀሰው አንቀጽ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በሀብት አይለይም። አርቃቂዎቹ ደክመዋል። ጫማን ግን በስም አልጠሩም፤ ይህችን ቀዳዳ ደግሞ ከሕግ ባለሙያዎች ሁሉ ቀድሞ ያገኛት የወረዳው በር ጠባቂ ነው። የተወለወለ ቆዳ ሲያይ «ጌታዬ፣ ይግቡ»፤ ኮንጎ ጫማ ሲያይ «አንተ! ወዴት ነው?»

መስኮቱ ጋ ያለችውም አትታማም። ጋቢ ለደረቡት አባት «ሲስተም የለም» ትላለች፤ ከኋላቸው ለቆመው ባለከረባት ሲስተሙ በተአምር ይመለሳል። እንግሊዝኛ ጣል ካደረገማ ማኅተሙ ራሱ ተነሥቶ ያርፍለታል።

ሽሮ ሜዳም ቢሆን የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ የሚነበበው ከገዢዋ ፊት ነው፤ ለፈረንጅ ሌላ፣ ለዳያስፖራ ሌላ፣ ለሰፈር ልጅ ሌላ። ነጋዴው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቢከራከሩት ይቀንሳል። ወረዳ ክርክር አያውቅም።

ጎረቤቴ ጋሼ ይህ ገብቷቸዋል። ጉዳይ ያላቸው ቀን የልጃቸውን ኮት ይለብሳሉ፤ ደረት ኪሱ ላይም ቀለም የጨረሰ እስክሪብቶ ይሰካሉ። ከዚያ ወዲህ «ነገ ይምጡ» ያላቸው የለም።