የአባት ስም ይቅደም

ጡረታ ዕረፍት ነው ያለኝ ማን ነበር? ዕድሜ ልኬን የቤተ መጻሕፍት የካርድ መሳቢያ ስስብና ስመልስ ኖሬ፣ ጉልበቴም ዓይኔም አልታዘዝ ሲሉኝ ቤቴ ብገባ፣ ሥራው የልጅ ልጄን ተከትሎ ሳሎኔ ድረስ መጣ። ልጅቱ ኮሌጅ ገብታለች። ለኢንተርኔት የሚሆን ጽሑፍ አጻጻፍ የሚባል ትምህርት አለ አሉ፤ ይሁን፣ ዘመኑ ነው። ችግሩ ከጽሑፉ በፊት «አኖቴትድ ቢብሊዮግራፊ» አምጡ መባሉ ነው። ምንጮችሽን ዘርዝሪ፣ ከእያንዳንዱ ሥር በ150 ቃል ምን እንደሚል፣ ጸሐፊው ይታመን እንደሆነና ለሥራሽ ምን እንደሚረባሽ ጻፊ ነው ነገሩ። የመረጠችው ርእስ «ፍቅር እስከ መቃብር» መሆኑን ስትነግረኝ ግን ፊቴ በራ። ይህቺ ልጅ ለካ የእኔው ዘር ናት!

«መጽሐፉን የት አደረስሽው?»

«አባባ ደግሞ! ማጠቃለያውን አየሁት እኮ።»

ማጠቃለያ! የመጽሐፉ ጉዱ ካሣ እኮ አንዴ መናገር ከጀመረ 150 ቃል ለመንደርደሪያ አይበቃውም። ልጅቱ ግን በዛብህንም ሰብለ ወንጌልንም በሦስት ዓረፍተ ነገር ቀብራ ጨርሳለች። «ጸሐፊው ይታመናል ወይ?» ለሚለውም «አዎ፣ ታዋቂ ነው» የሚል መልስ አስቀምጣ አገኘኋት። ሐዲስ ዓለማየሁን! ከራስ እምሩ ጋር ጠላትን ተዋግተው፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው፣ ኋላ ለንደን በአምባሳደርነት የተቀመጡትን ሰው! ታዋቂማ ዛሬ ማን ያልሆነ አለ? ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ሲበላ የሚውለውም ታዋቂ ነው።

መዘርዘሩን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ እንጀራዬ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ገና በ1904 ዓ.ም. በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትን ካታሎግ አሳትመዋል። ዝርዝር ማለት ለሚመጣው ሰው «መጽሐፉ እዚህ ነው፣ በዚህ በኩል ግባ» ማለት ነው። የዛሬው ግን መጽሐፍ መደበቂያ ሆነብኝ። ደንቡ ኤ.ፒ.ኤ. ይባላል፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው ነው። ልብ ወለድ ለመዘርዘር የሥነ ልቦና ባለሙያ አስፈለገ መባሉ ራሱ ደህና ምልክት አይደለም። ደግሞም አይረጋም። እስከ ስድስተኛው እትም ድረስ መጽሐፉ የታተመበት ከተማ ካልተጻፈ ወየውላችሁ ይል ነበር፤ በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ሰባተኛው እትም ከተማ የሚባል አያስፈልግም ብሎ አረፈው። አሳታሚውን ግን አልተወም። እኛ አገር ስንቱ ደራሲ ቆጥቦ፣ ተበድሮ፣ ራሱ ነው ያሳተመው! ልጅቱ ማተሚያ ቤቱን አሳታሚ አድርጋ አለፈችው። አሳታሚውማ የደራሲው የወር ደመወዝ ነው፤ እሱን የሚያስገቡበት ቦታ የለም እንጂ።

ይህስ ባልከፋ። ደሜን ያፈላው የስሙ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጅላት ፕሮግራም ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ለስም፣ አንዱ ለ«መጨረሻ ስም»። የመጨረሻው ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊተኛው አንድ ፊደል ሆኖ ይቆረጣል። ታዲያ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ማን ሆነው ተገኙ? «ዓለማየሁ፣ ሐ.»። አባትየው! ልጅ ብዕር ይዞ ዓይኑ ሲፈዝ ከርሞ አባት ደራሲ ተባለ፤ ለልጁ የደረሰችው አንዲት ፊደልና ነጥብ ናት። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት በፈረንጆቹ 1972 በኦክስፎርድ ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍም ለአቶ ታምራት ተሰጥቷል። «ልጄ፣ ታምራት እኮ አባትየው ናቸው» ብላት «አባባ፣ ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ዛሬ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም፤ ሁሉም ሲስተሙ ነው።

የባሰም አለ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ አሳተሙ። ሳጥኑ «ገብረ»ን ከ«ኢየሱስ» ለየና ደራሲው «ኢየሱስ፣ አ. ገ.» ሆነ። ቀጥሎ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሲገቡ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ተባሉ። እኔ ቤት፣ እኔ በሕይወት እያለሁ፣ ሥላሴ ካታሎግ አሳተሙ ተብሎ ሲጻፍ ዝም ልበል? አማተብኩና ኮምፒውተሩን ዝጊ አልኳት። እሷ ከሳቋ መቼ ተነሣችና!

ነገሩን በፈረንጅ አላመካኝም። የአሜሪካው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባሕሩ ዘውዴን የሚያስገባው በ«ባሕሩ» ነው። እኛም ካርድ ስንጽፍ እንደዚያው ነበር፤ ሰው በስሙ ይፈለጋል። የሳጥኑ ደንብ ያለ እንከን የሠራው ለፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር። እሳቸውም ቢሆን የያዙት የእናታቸውን የሲልቪያን ስም ነው፤ አባታቸው ኮሪዮ የሚባሉ ጣሊያናዊ ነበሩ። ይህን ስነግራት «ታዲያ የት ላስገባቸው?» ብላ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አነሣች። ባሉበት ተያቸው!

ዓመተ ምሕረቱ ሌላ ጣጣ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ነው፤ በእኛ። ልጅቱ እንዳለ ገለበጠችው። ከፈረንጅ ዓመታት መካከል ሲሰለፍ ግን የእኛ መሆኑን ማን ያውቅለታል? በእነሱ 1958 ከሆነ ሐዲስ መጽሐፉን ያሳተሙት ከታኅሣሡ ግርግር በፊት ነው ማለት ነው። ቀይሪው አልኳት። ወደ ስንት? እስከ ታኅሣሥ 22 ወጥቶ ከሆነ 1965፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ 1966። ኢንተርኔቱም አንዱ ጋ ይህን፣ ሌላው ጋ ያንን ይላል። እሷ «ብዙዎቹ ያሉትን ልውሰድ» አለች። ታሪክ በድምፅ ብልጫ።

ፍለጋውንማ አታንሡብኝ። «ሐዲስ»ን በሐመሩ ሐ ያስገባውን አንዱ ሰው፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ሲፈልገው ኮምፒውተሩ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም ይላል። «ዓለማየሁ» በዐይኑ ይሁን በአልፋው የሚለው ሲጨመርበት አንዱ ደራሲ ብዙ ሰው ሆኖ ይበተናል። በፈረንጆቹ 1999 ፊደላችን ዩኒኮድ የሚሉት የኮምፒውተር የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ ሃሌታው፣ ሐመሩና ብዙኃኑ ለየብቻ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ድምፃችን አንድ ነው ብለው ቢምሉ ማሽን አያስታርቃቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል አትደባልቁ ብዬ ስጮህ አንድ ሰው አልሰማኝም፤ አሁን ከጎኔ የቆመው ደንቆሮ ማሽን ነው።

የእኛ ትውልድ ደግሞ መጽሐፉን ግማሹ በጆሮው ነው ያነበበው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው። እሱንም አስገቢ አልኳት፤ ትረካው ዩቲዩብ ላይ አለ። ደንቡ ግን ደራሲ የሚባለው ቪዲዮውን የጫነው ሰው ነው አለ። ስለዚህ ሐዲስ ጽፈውት፣ ወጋየሁ ተርኮት፣ ባለቤቱ የድመት ፎቶ የለጠፈ አንድ ቅጽል ስም ሆነ። ይህስ ይታመናል ወይ? ለዚህ ጥያቄ እንኳ 150 ቃል ቢሰጡኝ ሞልቼ አተርፋለሁ፤ ለኅትመት አይሆንም እንጂ።

ምንጭ ሲያጥራት ያን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ጠየቀችው። ሳይሰስት ሰጣት፤ የመጽሔቱ ስም፣ ቅጹ፣ ገጹ፣ ነጥቡ ሳይቀር በቦታው። መጽሔቱ ብቻ የለም። ከዝርዝሩ ሁሉ አንድም ግድፈት ያልተገኘበት ይኸው ያልተጻፈው ጽሑፍ ነበር።

ብስጭቴን አይታ መሰለኝ «አባባ፣ እርስዎንም ምንጭ ላድርግዎት፤ ቃለ መጠይቅ ላድርግልዎት» አለችኝ። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ስለ ካርዱ፣ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ጉዱ ካሣ ማታውን ሙሉ አወራኋት። ከዚያስ? የቃል ምንጭ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ደንቡ ነው። ጽሑፉ መሀል በቅንፍ ይጠቀሳል፣ በቃ። ቅንፉን አሳየችኝ፤ የእኔ ስም አንድ ፊደልና ነጥብ፣ ከዚያ የአባቴ ስም ሙሉውን። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፊደል ሳይቆጥር፣ ለግብሩ በጣት አሻራ ሲፈርም ኖሮ ያረፈ ገበሬ ነው። መምህሯ በቀይ ከጎኑ ጽፎበታል፦ «ጥሩ ምንጭ ነው። ሌሎች ሥራዎቻቸውንም አካትቺ።»