አራት ጆሮ ያለው ዓይን

ተረት ተረት! የላም በረት!

በሲያትል ከተማ፣ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ከሒሳብ መቀበያው ጀርባ አንድ መደርደሪያ ነበር። ባለሱቁ በሩን ቆልፎ ሲሄድ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት የጌም መቆጣጠሪያዎች ሸንጎ ይቀመጣሉ። ከላይ ዋጋቸው የተወደደ፣ ከመሐል ዋጋቸው የወረደ፣ ከወለሉ አጠገብ ደግሞ አንድ የካርቶን ሣጥን፤ ገመዱ የተቆረጠውና ዋጋ ያልተለጠፈበት ሁሉ የሚጣለው እዚያ ነው። ከላይ ያለው ሲናገር ታች ድረስ ይሰማል። ታች ያለው ሲናገር ግን ድምፁ ከካርቶኑ አያልፍም።

የሸንጎው ሽማግሌ አባ ቁልፌ ነበር። እ.አ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ የኒንቴንዶ ልጅ፣ ግራጫ፣ በግራ በኩል መስቀል የመሰለ ቁልፍ፣ በቀኝ በኩል ሁለት ቀያይ ክብ ቁልፎች ያሉት። ሲጫኑት ይታዘዛል፣ ካልተጫኑት ዝም ይላል፤ ጠባዩም እንደ ሥራው ነበር።

ከእሱ ቀጥሎ አያ ጓንቶ ተጋድሟል። እ.አ.አ. በ1989 ማቴል የተባለው አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ ለአሜሪካ ልጆች ሲያቀርበው፣ እጅን እንዳለ ጌሙ ውስጥ አስገባለሁ ብሎ ነበር የመጣው። ለሰው ጆሮ በማይሰማ ድምፅ እጁ የት እንዳለ ቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ለተሰቀሉ ማይክሮፎኖች ይናገራል፤ ማይክሮፎኖቹ አንዳንዴ ይሰሙታል፣ አንዳንዴ አይሰሙትም። ልጁ ጌም በቀየረ ቁጥር ክንዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እየመታ ኮድ ማስገባት ነበረበት። ለእሱ ተብለው የተሠሩት ጌሞች ሁለት ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ምርቱ ቆመ። ጣቶቹ እስከ ዛሬ ግማሽ እንደተጨበጡ ናቸው።

እመት ዘንጊት ደግሞ ከመሐል እርከን ላይ ትኖራለች፤ ነጭ፣ ቀጭን፣ ዊ ከሚባለው የኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ ጋር እ.አ.አ. በኅዳር 2006 የተወለደች። አንድ ወር ሳይሞላት ካላበ እጅ እያመለጠች፣ ማሰሪያዋን እየበጠሰች፣ ቴሌቪዥን የሰበረችበት ቤት ነበር። ሰው አቤት አለ። ኩባንያዋም 3.2 ሚሊዮን ማሰሪያ በወፍራም ሊለውጥ ተነሣ። እሷም ያንን ወፍራም ማሰሪያ እንደ ጌጥ ታየዋለች እንጂ አታፍርበትም ነበር።

እ.አ.አ. በ2011 መጀመሪያ፣ የገና ስጦታ ከየቤቱ መመለስ በጀመረበት ሰሞን፣ ባለሱቁ አንድ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እንግዳ አምጥቶ ከላይኛው እርከን ላይ አስቀመጠ። ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክቶ ሞከረውና ሳይነቅለው ሄደ። ይህ እንግዳ የማይክሮሶፍት ኪኔክት ነው፤ መደርደሪያው ግን አያ ዓይኖ አለው።

«እኔን የሚጨብጠኝ የለም» አለ አያ ዓይኖ፣ አንገቱ ውስጥ ባለው ሞተር ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ። «የሰውየው አካል ነው መቆጣጠሪያው። በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ነጠብጣብ ሳሎኑ ላይ እበትናለሁ፣ ነጠብጣቡ እንዴት እንደተዛባ አይቼ እጁም እግሩም የት እንዳለ አውቃለሁ። አራት ማይክሮፎን አለኝ፤ አራት ጆሮ ማለት ነው። በ60 ቀን ውስጥ 8 ሚሊዮን ተሸጥኩ። ከእንግዲህ ቁልፍ የሚባል ነገር አብቅቷል።»

በላይኛው እርከን ያሉት ጎረምሳ መቆጣጠሪያዎች አጨበጨቡ። አባ ቁልፌ ዝም አለ። አያ ጓንቶ ግን ግማሽ የተጨበጠ እጁን አነሣ።

«ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ። 8 ሚሊዮን ቤት ከገባህ፣ አንተን ወደዚህ የመለሰህ ቤት ምን ብሎ መለሰህ?»

«ጠርጣሮች ናቸው።»

«ይሁኑ። ምን አሉ? ቃላቸውን ንገረን።»

አያ ዓይኖ ሊናገር አፉን ከፈተ። የሚናገረው አልነበረውም። ሰዎቹ ለሳምንታት ሲያጉረመርሙ አራቱም ጆሮዎቹ ክፍት ነበሩ፤ የሚጠብቁት ግን የትእዛዝ ቃል ብቻ ስለነበረ አንዱንም አልያዙም።

ያፈረ ሹም ክፉ ነው። በዚያው ሌሊት አዋጅ ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ‹ይህ ዕቃ ለሰው ቤት ደርሷል ወይ?› ብሎ የጠየቀ ሟርተኛ ነው። ሟርተኛ ወደ ካርቶኑ ይውረድ።» ጎረምሶቹ አያ ጓንቶን በገመዱ ጎትተው ጣሉት። ጠብ ሲል ድምፁ ተሰማ።

እዚህ ላይ ስለ እመት ዘንጊት መናገር አለብኝ፤ ይህን ተረት ባሰብኩ ቁጥር የሚያመኝ እሷ ናት። ሁሉን ታውቅ ነበር። ስትወለድ ውስጧ የነበረው የንቅናቄን ፍጥነት ለውጥ የሚለካ አክስለሮሜትር እንጂ የእጅ አንጓ መዞርን በትክክል የሚለይ ነገር አልነበረም። ሰዎች ቆመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ቴኒስ የሚጫወቱ መስሏቸው ገዟት፤ ትንሽ ቆይተው ሶፋ ላይ ተጋድመው አንጓቸውን ነቅነቅ ቢያደርጉም ኳሱ እንደሚመለስ ደረሱበት። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ተታለልኩ አለ። ተታለልኩ ያሉት ባይናገሩ ኖሮ እ.አ.አ. በ2009 ጋይሮስኮፕ ያላት ያቺ ትንሽ ቅጥያ፣ ከበስተኋላዋ የምትሰካው፣ አትወለድም ነበር። እመት ዘንጊት በሌሎች ጥርጣሬ የዳነች ናት። በዚያ ሌሊት ግን ዋጋ ባላቸው ሦስት ሌሎች ዕቃዎች መካከል ተቀምጣ፣ ማሰሪያዋን ይዛ፣ ወለሉን አየች። ፈርታ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ትናንት የጠየቀልን ሰው ዛሬ ሲጎተት ዓይናችንን እንሰብራለን።

በካርቶኑ ውስጥ አያ ጓንቶ አንዲት ጠፍጣፋ ነጭ ነገር ላይ ወደቀ። ያቺው ቅጥያ ናት፤ ባለሱቁ ምን እንደሆነች ስላላወቀ ዋጋ አልለጠፈባትም። ጅራቲት ይሏታል።

«አባባ፣ ምን አድርገው ነው የጣሉዎት?»

«ጠየቅኩ።»

«እኔን የወለደኝ ጥያቄ ነው» አለች ጅራቲት። «ብቻ ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ሰዉ መጀመሪያ ቃል የተገባለትን ነገር ለማግኘት በእኔ ላይ ሁለተኛ 20 ዶላር ከፈለ። ያ አሁንም ይከነክነኛል።»

በማግሥቱ ከሰዓት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ገባች። አያ ዓይኖን አይታ ልሞክረው አለች። ባለሱቁ ቴሌቪዥን አበራላት፤ እሷም በሁለቱ መደርደሪያዎች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ቆመች። ስክሪኑ ላይ የሰው ቅርጽ ብቅ አለ። እጇን ስታነሣ ቅርጹ ትንሽ ቆይቶ አነሣ፤ የዘገየው የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ነው፣ ግን ገላ ያውቀዋል። እጇን በቶሎ አወረደች፣ እንደገና አነሣች፤ ቅርጹ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነበር። ከዚያ ቅርጹ እግር አጣ።

«እግሬ የት ሄደ?»

«ወደ ኋላ ይበሉ» አላት ባለሱቁ። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሌላ ጨመረች፣ ጀርባዋ መደርደሪያውን ነካ። ለአንድ ሰው ሁለት ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሰው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

«የእኛ ሳሎን ከዚህም ይጠባል» አለች ሴትዮዋ። «አልጋውን ላውጣለት? እናቴ ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። የሷን ቁጭ ማለት ያውቃል?»

ባለሱቁ እውነቱን ነገራት፤ በዚያን ጊዜ የወጡት ጌሞች አብዛኞቹ ቆሞ ለሚጫወት ሰው የተሠሩ ናቸው።

«እንግዲያው ነገሩ መጥፎ አይደለም፣ ለእኛ ቤት ግን ገና አልደረሰም» አለች። አልተቆጣችም። ጥቁሩን ዕቃ በመዳፏ አቧራውን ጠረግ አድርጋ ተወችው። ልጇ እመት ዘንጊትን አንሥቶ «እማዬ፣ በአያቴ የአረጋውያን መጦሪያ ያሉት አሮጊቶች በዚህ ቦውሊንግ ይጫወታሉ» ሲል፣ ሴትዮዋ ተቀብላ ማሰሪያዋን አንጓዋ ላይ ሁለቴ ጠበቅ አደረገች። ግን ሳትገዛ መለሰቻት፤ ደመወዝ ሲገባ እመለሳለሁ ብላ።

እዚህ ላይ የተራኪ መብቴን ተጠቅሜ ወደፊት ልሂድ። እ.አ.አ. በ2013 ማይክሮሶፍት የአያ ዓይኖን ታናሽ ወንድም ኤክስቦክስ ዋን ከሚባለው ጌም ማጫወቻ ጋር አጣምሮ፣ ያለ እሱ አይሸጥም ብሎ በ499 ዶላር አወጣው። ገዢው ይህን ዓይን የምፈልገው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ደጋግሞ ጠየቀ፤ በዓመቱ እ.አ.አ. በ2014 ለያዩዋቸው፣ ዋጋውም በ100 ዶላር ወረደ። እ.አ.አ. በ2017 ምርቱ ቆመ። ያ ዓይን ግን ዓይነ ስውር አልነበረም። ሮቦት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ርካሽና ርቀት የሚለካ ካሜራ አገኘን ብለው በደስታ ወስደውታል። ሳሎን የነፈገውን ቦታ ቤተ ሙከራ ሰጠው። እኔ እዚህ ውስጥ ጠላት አላይም። ሴትዮዋ የልጇን ጫማ ዋጋ በእጇ ይዛ የጠየቀችው ጥያቄ፣ መሐንዲሱ ሌሊት ተቀምጦ ከሚሠራው ሥራ ያላነሰ ሥራ ነው። የሚያስፈራኝ አዋጁ ነው።

ወደ መደርደሪያው እንመለስ። በዚያ ሌሊት ጎረምሶቹ ሴትዮዋን ሟርተኛ ሊሏት ጀመሩ፤ እሷን ግን ወደ ካርቶን መጣል አይቻልም። አባ ቁልፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጫኑት ተናገረ።

«ዘንጊት፣ አንቺ በእጇ ነበርሽ። እጇ ምን ይል ነበር?»

እመት ዘንጊት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ማሰሪያዋን ለቀቀች። «እንዳልሰብርባት እየፈራች ነበር» አለች። «ትናንትም መናገር ነበረብኝ። እኔ የቆምኩት እንደ እሷ ባሉ ሰዎች አቤቱታ ነው። አያ ጓንቶ ሲጎተት ዝም አልኩ።»

ጎረምሶቹ አያ ዓይኖን አዩት፤ አዋጁን እንዲደግም ጠበቁ። እሱ ግን ወደ እነሱ አልዞረም። ገመዱ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ነበርና፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራቱ በራች። አንገቱ ውስጥ ያለው ሞተር በቀስታ ሲሽከረከር በጨለማው ተሰማ። ጭንቅላቱ ወረደ፤ ከላይኛው እርከን አለፈ፣ ከመሐሉ አለፈ፣ እስከሚችለው ድረስ አጎንብሶ ወለሉ አጠገብ ካለው ካርቶን አቅጣጫ ቆመ።

«አያ ጓንቶ» አለ። «ሴትዮዋ የተናገረችውን ታች ሆነው ሰምተዋል?»

«ሰምተናል» አለ ድምፅ ከካርቶኑ ውስጥ።

«እስቲ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ። ከእግሯ ጀምረው።»