ከፈረስ ወደ በቅሎ፦ በአባ ሙስታንግ ላይ የተደረገ ጥናት

ይህ ጥናት በሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ ባለሁለት በር ቀይ ሙስታንጉን ሸጦ ባለስምንት መቀመጫ ቶዮታ ሲየና የገዛበትን ሁኔታ ይመረምራል። የናሙናው ብዛት 1 ነው። ቁጥሩ ያነሰው ተጠኚ ጠፍቶ አይደለም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በየሐበሻ ሱቁ ደጅ የቆሙትን ሚኒቫኖች መቁጠር ብቻ ይበቃል። ችግሩ ባለቤቶቹ ስለ ቀድሞ መኪናቸው ሲጠየቁ ስለ ቤት ዋጋ ማውራት መጀመራቸው ነው። ስለዚህ አጥኚው መልስ የማይነፍገውን አንድ ሰው መረጠ። አጥኚውና ተጠኚው የሚነዱት በአንድ መንጃ ፈቃድ ነው። ይህ በውጤቱ ላይ ያመጣው አድልዎ የለም፤ ካለም ለተጠኚው ነው።

ለነገሩ መነሻ የሚሆነን የፈረስ ስም ነው። በአገራችን ትልቅ ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በዚሁ ሥርዓት መሠረት ተጠኚው እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 አባ ሙስታንግ ሲባል ኖሯል። ሙስታንግ ማለት በአሜሪካ ሜዳ የሚጋልብ ያልተገራ ፈረስ ስለሆነ፣ ስያሜው ከሥነ ልሳን አንጻርም እንከን አይወጣለትም። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ሲሆኑ፣ በኋላ አባ ሲየና ብለው የለወጡበትም እነዚሁ ናቸው። ልዩነቱ፣ የመጀመሪያውን ሲሉ አልሳቁም ነበር።

ፈረሱ የ2005 ሥሪት ሙስታንግ ጂቲ ነው። ተጠኚው በሁለተኛ እጅ የገዛው ቀን ቀን በአንዲት የመኪና ማቆሚያ ሠርቶ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ታክሲ ነድቶ ባጠራቀማት ገንዘብ ነው። በዚያ ጊዜ ላጤ ነበር። ላጤ ሰው ሁለት በር አይበዛበትም፤ እንዲያውም አንዱ ትርፍ ነው። ሦስት ወዳጆቹን በዚያ መኪና ድሯል፤ የቬልቬት ሪባኑ ማጣበቂያ እስከ መጨረሻው ቀን ከኮፈኑ ላይ አልለቀቀም። አራተኛው ሙሽራ ራሱ ነበር።

የጥናቱ ዋና ክስተት የደረሰው ሁለተኛው ልጅ ሊወለድ ሲል፣ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አማቱ አራሷን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ መጡ። አየር መንገዱ ለአንድ መንገደኛ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ ይፈቅድ ነበር። የኢትዮጵያ እናት ደግሞ የተፈቀደላትን ኪሎ ሳትሞላ የተነሳችበት ጊዜ የለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ለሕፃኑ የተሠራ ጋቢ፣ ለጎረቤት የተላከ ሌላ በርበሬ። የመጀመሪያው ሻንጣ በትግል ከኋላ ገባ። ሁለተኛው አልገባም። ትልቁን ልጅ የሚይዘው ካር ሲት ከኋላ ወንበሮች አንዱን ለዘለቄታው ይዞታል፤ በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልሞላ በስተቀር ያለዚህ ወንበር መሄድ አይችልም። ስለዚህ የቀረው የፊት ወንበርና አንዲት የኋላ ቦታ ነው። የሚቀመጡት ደግሞ አማትና በርበሬ ናቸው።

ሻንጣው በታጠፈው ወንበር መካከል ወደ ኋላ አላልፍ አለ። አማት ግን ይታጠፋሉ።

«ልጄ፣ የኋላው በር ወዴት ነው?» አሉ እማማ፣ መኪናውን አንድ ጊዜ ከዞሩት በኋላ።

«የለውም እማማ። ይኼ ወንበር እጥፍ ይልና በዚህ በኩል ይገባሉ።»

«ውይ! ተሰርቆብህ ነው?»

«አይ፣ ከፋብሪካም ሲወጣ እንዲሁ ነው።»

እማማ ለዚህ መልስ አልሰጡም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በስመ አብ ብለው፣ በግንባራቸው ቀድመው ገቡ። በርበሬው ፊት ተቀመጠ። መኪናው ወንበሩ ላይ ክብደት ሲሰማው ስለጮኸ ቀበቶም ታሰረለት። ታላቅ ሰው ከፊት፣ ዕቃ ከኋላ የሚለው የአበው ሥርዓት በዚያ ማለዳ ከደለስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ተገልብጦ ሄደ። ቤት ሲደርሱ መውጣቱ ከመግባቱ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። እማማ ልጃቸውን አቅፈው ስመው፣ ሆዷን ዳብሰው፣ እንባቸውን ጠራርገው ሲያበቁ ያሉት ቃል በጥናቱ መዝገብ ላይ እንዳለ ተይዟል፦

«ባልሽስ ደህና ሰው ነው። መኪናው ነው ገና ያላገባው።»

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ያቀረበችው ማስረጃ የሒሳብ ነበር። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አያት፦ 5። የሙስታንግ መቀመጫ፦ 4። ተጠኚው ለሁለት ሳምንት ያህል ይህን ስሌት ለማፍረስ ሞክሯል። ትልቅ ኤስዩቪ እንግዛ የሚል ሐሳብም አንስቶ ነበር። ኤስዩቪ ማለት ሚኒቫን ለመግዛት ያልቆረጠ ሰው የሚገዛው ሚኒቫን ነው፤ ጆርጂያ ጎዳናን ለመውጣት የተራራ ጎማ ያስከፍላል። ባለቤቱ የኤስዩቪውን ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ገብታ ሞከረችው፣ ጉልበቷ አገጯ ላይ ደረሰ፣ እናቷን አየቻቸው። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የሚጻፍ የለም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ነገር በሲልቨር ስፕሪንግ የተጀመረ አይደለም። የመጀመሪያው ሙስታንግ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ላይ ነው። መነሻ ዋጋው 2,368 ዶላር ነበር፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ400,000 በላይ ተሸጠ። ይህን ሥራ በፎርድ ቤት ከፊት ሆነው የመሩት ሊ አያኮካ ሲሆኑ፣ ሃል ስፐርሊክ የተባለ ባለሙያም አብሯቸው ነበር። ስፐርሊክ በኋላ እዚያው ፎርድ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ትንሽ ቫን እንሥራ ቢል ሰሚ አጣ፤ ተባረረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ አያኮካንም አባረሯቸው። ሁለቱ ሰዎች ሊከስር በተቃረበው ክራይስለር ተገናኙ። በ1983 መጨረሻም ዶጅ ካራቫንና ፕሊመዝ ቮየጀር የሚባሉትን የ1984 ሚኒቫኖች አወጡ።

አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ቢል መልካም ነው። በ1964 የ20 ዓመት ጎረምሳ ሙስታንግ የሸጡለት ሰዎች፣ 19 ዓመት ጠብቀው፣ ጎረምሳው 39 ሞልቶት፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ወገቡን ሲያመው፣ በሌላ ኩባንያ በር ዞረው ሚኒቫን ይዘውለት መጡ። ይህን ያህል በሽተኛውን የተከታተለ ሐኪም በሕክምና ታሪክ የለም።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ሚኒቫን ግን እንዲህ መሸፋፈን አያስፈልገውም። አባቱን ሲጠይቁት የፈረሱ አባት ነው ብሎ በሙሉ አፉ መመለስ ይችላል። እንዲያውም የዘር ጉዳይ ከተነሳ የሚያፍረው ፈረሱ ነው፤ የመጀመሪያው ሙስታንግ የተሠራው ፋልከን በሚባል ርካሽ የቤተሰብ መኪና መሠረት ላይ ነበር። ልብሱን ሲያወልቅ የቤት መኪና ነው።

በነገራችን ላይ አያኮካ ያረፉት ተጠኚው ሙስታንጉን በሸጠበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2019፣ በ94 ዓመታቸው ነው። ጥናቱ በሁለቱ ክስተቶች መካከል ግንኙነት አላገኘም።

ስለ ጉልበት የሚነሳውን ክርክርም እንዝጋው። የ2005 ሙስታንግ ጂቲ ጉልበት 300 የፈረስ ጉልበት ነው። ተጠኚው የገዛው የ2018 ሲየና ደግሞ 296። ልዩነቱ 4 ፈረስ ነው። ተጠኚው 4 ፈረስ ሰጥቶ 4 ተጨማሪ መቀመጫ ተቀብሏል፤ ፈረስ በአንድ መቀመጫ ማለት ነው፤ በየትኛውም የገበያ ታሪክ ይህን የመሰለ ቀጥተኛ ልውውጥ ማግኘት ያስቸግራል። የርዝመቱም ነገር አለ። ሚኒ ማለት ትንሽ ቢሆንም፣ ይህ «ትንሽ» ቫን ከሙስታንጉ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ለዶሮ ወጥ ድስት ከነክዳኑ የሚበቃው ይህችው 33 ሳንቲ ሜትር ናት። በሙስታንጉ ዘመን ወደ ክርስትና ድግስ ድስት የሚወሰደው በባለቤቱ ጭን ላይ ነበር፤ እያንዳንዱ ኩርባ ላይም ቤተሰቡ የሚነጋገረው በጩኸት ነበር።

መኪናው ከመሸጡ በፊት በነበረው ሌሊት ተጠኚው ዳይፐር ልገዛ ብሎ ወጣ። ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ፣ 495ን፣ ሙሉ ዙር ነዳው። 64 ማይል ነው። መስኮቱን ከፍቶ፣ ሙዚቃ ዘግቶ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ ዉድሮው ዊልሰን ድልድይን ተሻገረ፣ ቨርጂኒያን አቋረጠ፣ ወደ ሜሪላንድ ተመለሰ፤ በመጨረሻም የተነሳበት መውጫ ላይ ደረሰ። 64 ማይል ነድቶ የትም አለመድረስ የስፖርት መኪና ሙሉ ትርጓሜ ስለሆነ፣ አጥኚው ሌላ ትርጓሜ አልፈለገም። ዳይፐሩን ረስቶት ገባ።

በማግስቱ ገዢ መጣ። 22 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው፤ ከእናቱ ጋር። ልጁ ሞተሩን አስነሳ፣ ረገጠው፣ ሳቀ። እናቱ የፊቱን ወንበር እጥፍ አድርጋ ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ተመለከተች፤ ምንም አልተናገረችም። ተጠኚው ፊቷ ላይ እማማን አየ። ዋጋ ላይ 300 ዶላር ቀነሰ፤ ለምን እንደቀነሰ ሲጠየቅ፣ እኔ እንጃ ብሏል።

ይህን ሁሉ እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ፤ ስም አውጪዎቹ ጓደኞቹ ከነሱ ውስጥ ናቸው። አጥኚው ግን በዚህ አይስማማም። መኳንንቱ በፈረስ ስም ይጠሩ እንጂ ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ፈረሱ ለፍልሚያና ለጉግስ ተብሎ ከጎን እየተሳበ ይከተላል። ታላቅ ሰው ያጌጠ በቅሎ ላይ ተደላድሎ ነው የሚጓዘው፤ ዳገት ያውቃል፣ አይደነብርም፣ ጭነት ይችላል። አባ እገሌ የሚለው ስም በበቅሎ ላይ ሆኖ አልቀነሰም። ስለዚህ ተጠኚው ከፈረስ አልወደቀም፤ ወርዶ በቅሎው ላይ ተቀመጠ። የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር ከጎኑ የሚሳብ ፈረስ ነው። ለዚያ የሚከፈል ሁለተኛ ኢንሹራንስ የለውም።

ጥናቱ ያልጠበቀው ግኝት የመጣው ከተንሸራታቹ በር ነው። ተጠኚው ወጣትነቱን ያሳለፈው በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ውስጡ፣ አንዳንዴ በሩ ላይ። ከዚያ ለመገላገል ውቅያኖስ ተሻገረ፣ ሥራ ሠራ፣ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ገዛ፣ ዞሮ ዞሮ ባለተንሸራታች በር ቶዮታ ውስጥ ተገኘ። ልዩነቱ በሩ አሁን በቁልፍ የሚታዘዝ መሆኑ ብቻ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ባለቤቱ በሩ ጋ ቆማ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይቀራል» አለች፤ ቀልድ መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቷን ያየ ሁሉ አልተሳካለትም። እማማ መሃል ረድፍ ላይ፣ ነጠላቸው ሳይጨማደድ፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው ግራ ቀኝ ሲመለከቱ ቆዩና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ሲታያቸው፣ ሳያስቡት፣ ጠንከር ባለ ድምፅ፦

«ወራጅ አለ!»

ተጠኚው ጥግ ይዞ አቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የተጠኚው ቅዳሜዎች በሙሉ ተይዘዋል። የማኅበር ወንበር አድርሷል፣ የዕድር ድንኳን ጭኗል፣ ሁለት ላጤዎችን ከነፍራሻቸው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ዉድብሪጅ አሻግሯል፣ ከደለስ የመጡ የማያውቃቸውን ሰዎች በርበሬ ለማያውቃቸው ሌሎች ሰዎች አድርሷል። በሙስታንጉ ሰባት ዓመታት ዕቃ ጫንልኝ ብሎ የደወለለት አንድም ሰው አልነበረም። አሁን ቀድመው የደወሉት እነዚያው አባ ሲየና ብለው የሚስቁበት ጓደኞቹ ናቸው።

ይህን ጥናት አንብባችሁ ቤት ልትቀይሩ ያሰባችሁ ወገኖች፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታ የለም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሶፋ አይጭንም።