የተኛው አምፕሊፋየር

ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚዘልቀው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሾፌሩ ግን የሚለካው በዘፈን ነው። ከፋብሪካው አምፕሊፋየር ይዞ የመጣ መኪና አዲስ ቴፕ ሲገባለት፣ አንዳንዱ ገጣሚ የቴፑን የስፒከር ሽቦ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ይቀጥለዋል። የጎላው ድምፅ ዳግም ይጎላና ማሲንቆው እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ከደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት ለሚወርድ ተሳፋሪ ግን በጎ ነው፣ የፍሬኑን ሲጥሲጥታ አያሰማም።

የባሰው ዝምታው ነው። አምፕሊፋየሩ የሚነቃው ከቴፑ በምትወጣው፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ መስመር ባላት ሰማያዊ ቀጭን ሽቦ 12 ቮልት ሲደርሰው ነው። እሷ ከተረሳች ስክሪኑ ይበራል፣ ድምፅ የለም። ምርመራው ወዲያው ይነገራል፦ «ስፒከሩ ተቃጥሏል፣ አራት ይገዛ!» ሽቦዋን በቴስተር መንካት ይበቃ ነበር፤ ቴስተር ግን ኮሚሽን የለውም።