ንፋስ ይመታናል

አውስትራሊያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በአገሩ ሰሜናዊ በረሃ ይዞራል። ከመኪናው ኋላ ቤት ይጎትታል፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት። ካራቫን ይሉታል። በቤቱ አልቀናሁም። ክርኑን በመስኮት አውጥቶ እንደሚነዳ ሲነግረኝ ግን አንጀቴ ተቃጠለ።

እኛ መንገዱ ሰላም በነበረበት ዘመን ከአዲስ አበባ፣ ከጳውሎስ ሰፈር ተነሥተን ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ ቤት አንጎትትም ነበር። ቤቱን እንዳለ ሚኒባሱ ውስጥ እንጭነዋለን፤ ጀበናው ከነረከቦቱ፣ ከሰሉ ከነማንደጃው፣ ፍራሽ፣ ድፎ ዳቦ፣ የጠበል ጀሪካን፣ በዚያ ላይ ዘመድ አዝማዱ። የማይጫነው አየር ብቻ ነው።

ሱሉልታን ሳናልፍ ትልቋ አክስቴ «የኔ ልጅ፣ ያቺን መስኮት» ይላሉ። ሾፌሩ «እሺ ማዘር» ብሎ ይዘጋል። በሱሉልታ ብርድ ማን ይከራከራል! ሙከጡሪን፣ ፍቼን አልፈን ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ግን ዓባይ በረሃ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀው፣ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

«አክስቴ፣ አሁንስ ይከፈት፣ ላብ በላብ ሆንን እኮ!»

«እኮ! ምች የሚመታው ያላበውን አይደል እንዴ?»

አያችሁ ሕጉን? ሲበርድ ብርድ ነው፤ ሲሞቅ ምች ነው። በመላው ኢትዮጵያ መስኮት የሚከፈትበት ወረዳ የለም። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ጎንደር ስንደርስ ነው። እኚሁ አክስቴ በከተራ ዕለት ታቦት አጅበው ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፤ በጥር ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጫሉ። ማን ነካቸው? ማንም! በረከት ነው ካላችሁኝ እሺ፤ ግን ከተራራ ላይ ሲመጣ የማይነካ ንፋስ በሚኒባስ መስኮት ሲገባ ነፍሰ ገዳይ የሚሆነው በምን ሥልጣኑ ነው?

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ሌሊት 10 ሰዓት ስንነሣ ሾፌሩን «ለመሆኑ ተኝተሃል ወይ?» ያለው የለም። ቀበቶ ያሰረ የለም፤ ቀበቶዎቹ ከፍራሹ ሥር ተቀብረዋል። አንድ ሕፃን ጋቢና ላይ በእናቱ ታቅፎ፣ ግንባሩ መስተዋቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ የሚልበትን ያን ቁልቁለት ይወርዳል። ንፋስ የመታው ዘመዴ ሁሉ ዳማከሴ ታሽቶለት ተነሥቷል። ከመኪና የተወረወረ ልጅ በዳማከሴ አይነሣም! ሳንባ ነቀርሳስ ቢሆን የሚወደው የታፈነ አየር አይደል? በ2012 ኮሮና ሲገባ «መስኮት ክፈቱ» ተባለና ለጥቂት ወራት ከፈትን። ፍርሃቱ ሲያልፍ ቀድመን የዘጋነው መስኮቱን ነው። የሚፈራውን ትተን የማይፈራውን እንፈራለን፤ ይህ ያናድደኛል።

ወደ ጉዟችን ልመለስ። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ስንወጣ አክስቴ ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ አስያዙኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ክርክሩ እስከ የት ይዘለቃል? ባሕር ዳርን አልፈን ወረታ ላይ «ሽንኩርት ረክሷል» ተብሎ አንድ ኬሻ ተገዛና ከእግሬ ሥር ገባ።

«ጎንደር ደርሰን ስንመለስ ብንገዛውስ?» አልኩ።

«ስንመለስ ቢወደድስ?»

ሽንኩርቱም ከእኛ ጋር ጥምቀትን አክብሮ ተመለሰ።

ዘንድሮ ደግሞ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል እንሂድ እየተባለ ነው። መንገዱ በአዋሽ ነው፤ የአዋሽን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጋቢና ብቻዬን የሚያስቀምጠኝ ሾፌር የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ ቀበቶዬን አስራለሁ።